የባለቅኔው ቃልና የዳንሰኛው እርምጃ

የሰው ልጅ በልቡ ያለውን ነገር ለባልንጀራው የሚያስታውቅበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነው። አንደኛው ቃል ነው፤ ሁለተኛው የአካል እንቅስቃሴ ነው። ቃል በድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ በብራና ላይ ተጻፈ፤ በመጨረሻም በማተሚያ መኪና እየተባዛ ለልጅ ልጅ ተላለፈ። የአካል እንቅስቃሴ ግን እግር ሲቆም አብሮ ይቆማል። ዳንሰኛው ከመድረክ ሲወርድ ሥራው ከዓይን ይሰወራል። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ባለቅኔዎች እጅግ ብዙ መጻሕፍት ሲጽፉ፣ ስለ ዳንሰኞች የጻፉት በጣም ያነሰ ነው።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ልንመረምረው ያሰብነው ታሪክ ይህን የሚመለከት ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ የተነሡት አዳዲስ ደራስያን ከዳንሰኞች ምን ተማሩ? ዳንሰኞቹስ ላስተማሩት ነገር ምን ዋጋ አገኙ? የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። «ዘፈነ» የሚለው ግስ በግዕዝ መጻሕፍት በእግር መጨፈርን ያመለክታል። ዛሬ በአማርኛ ዘፈን ስንል ግን አብዛኛውን ጊዜ በአፍ የሚዜመውን ማለታችን ነው። አንድ ቃል አንድ ጊዜ የእግርን፣ ሌላ ጊዜ የአፍን ሥራ መያዙ ሁለቱ ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደ ሆኑ ያሳያል። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሁለቱ ለብዙ ዘመን ተለያይተው ቆዩ። ግጥም የሊቃውንት ጥናት ሲሆን ዳንስ የማታ መዝናኛ ሆኖ ተቈጠረ። አሁን የምንተርከው ይህ ግድግዳ እንዴት እንደ ተነቃነቀ ነው።

ነገሩ የተነሣበት ዘመን

የጥበብ ለውጥ ያለ ምክንያት አይነሣም። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ የባቡር ሐዲድ፣ የፋብሪካ መኪናና የኤሌክትሪክ መብራት የአውሮፓን ሰው ኑሮ ለውጠውት ነበር። ለእኛ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የፎቶግራፍ ሥራ ነው። በ1878 ዓ.ም. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ የሚጋልበውን ፈረስ በተርታ በተደረደሩ ካሜራዎች አነሣው። በዚያም ፈረሱ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ በግልጽ ታየ። በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ኤትየን ዡል ማሬ የተባለው ፈረንሳዊ የአካል ጠባይ ሊቅ፣ በአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል የሚያነሣ ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠርቶ የወፎችን አበራረር አጠና። ከዚህ በኋላ እንቅስቃሴ በዓይን ታይቶ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን የሚለካና የሚመረመር ነገር ሆነ። ፋብሪካዎችም ወዲያው ተጠቀሙበት። በ1911 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ቴይለር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራተኛን እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ሥራን ስለ መምራት መጽሐፉን አሳተመ።

ባለቅኔዎቹ በበኩላቸው ጭንቀት ላይ ነበሩ። ጋዜጣ በየቀኑ እየታተመ በየመንገዱ ሲሸጥ፣ ቃል ሁሉ ለንግድና ለወሬ ስለ ዋለ ክብሩ ቀነሰ ብለው አዘኑ። ሳይተርክ የሚናገር፣ ሳያብራራ የሚያስረዳ ጥበብ ይፈልጉ ጀመር። ፍለጋቸውም ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ወደ ዳንስ ቤት ወሰዳቸው።

የሐር ልብስና የኤሌክትሪክ መብራት

ሎዪ ፉለር በ1862 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ተወለደች። የባሌት ትምህርት ቤት ያሳደጋት ሴት አልነበረችም፤ በልዩ ልዩ ቴአትር ቤቶች እየተጫወተች ኑሮዋን ትገፋ ነበር። ሆኖም አንድ ታላቅ ነገር ፈጠረች። እጅግ ሰፊ የሆነ ቀጭን የሐር ልብስ ትለብስና በእጅጌው ውስጥ ረጃጅም ዘንጎች ትይዛለች። ዘንጎቹን ስታወዛውዝ ሐሩ እንደ ማዕበል ይነሣል፤ በሐሩም ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው የኤሌክትሪክ መብራት ይለቀቅበታል። ተመልካቹ አንድ ጊዜ አበባ፣ አንድ ጊዜ ቢራቢሮ፣ አንድ ጊዜ የእሳት ነበልባል ያያል፤ ሴቲቱን ራሷን ግን አያያትም ማለት ይቻላል።

በ1892 ዓ.ም. ሌላ ዳንሰኛ ይህን ሥራዋን ወስዳ በኒው ዮርክ ማሳየት ስለ ጀመረች ፉለር በፍርድ ቤት ከሰሰቻት። ፍርድ ቤቱ ግን ዳንሱ ታሪክ አይተርክም፣ የሰው ጠባይ አያሳይም፣ ስለዚህ እንደ ቴአትር ድርሰት አይቈጠርም ሲል ክሷን ሳይቀበል ቀረ። በዚያው ዓመት ፉለር ወደ አውሮፓ ተሻገረችና በኅዳር ወር በፓሪስ ፎሊ ቤርዤር በተባለው ቴአትር ቤት ታየች። ከተማዪቱም ተደነቀች።

ካደነቋት ሰዎች አንዱ ስቴፋን ማላርሜ ነበር። ማላርሜ በሙያው የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ ሲሆን፣ በጊዜው ከነበሩት የፈረንሳይ ባለቅኔዎች መካከል ወጣቶቹ እንደ አባት የሚያዩት ሰው ነበር። ስለ ዳንስ መጻፍ የጀመረው ከ1886 ዓ.ም. አንሥቶ ነው፤ በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ፉለር ጻፈ። አሳቡን በአጭሩ ብንገልጠው እንዲህ ነው። ዳንሰኛ በመድረክ ላይ ስትቆም የምትጨፍር አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም፤ በአካሏ የምትጽፍ፣ ብዕርና ቀለም የማያስፈልጋት ግጥም ናት። ብዙ ገጽ በሚፈጅ ጽሑፍ የማይገለጠውን እሷ በአንድ ዙር ትገልጠዋለች።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ያስተውል። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ዳንሱን የናቀው ታሪክ ስለማይተርክ ነው፤ ማላርሜም ዳንሱን ያከበረው ታሪክ ስለማይተርክ ነው። ዳኛው እንደ ጉድለት ያየውን ባለቅኔው እንደ ሀብት አየው። በ1897 ዓ.ም. ማላርሜ ስለ ጠጠር ዕጣ አጣጣል በጻፈው የመጨረሻ ታላቅ ግጥሙ ላይ፣ ቃላቱን በተለመደው ረድፍ መደርደር ትቶ ትልልቁንና ትንንሹን ፊደል እያቀላቀለ በነጩ ገጽ ላይ በታተናቸው። ገጹ እንደ መድረክ፣ ቃላቱም አንዳንዴ ተሰብስበው አንዳንዴ ተራርቀው እንደሚቆሙ ዳንሰኞች ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለቅኔዎች ባዶው ቦታ ራሱ እንደሚናገር ከዚህ ተማሩ።

ፉለር ግን ለዳንሷ የሕግ ጥበቃ ሳታገኝ በ1928 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተች። የአሜሪካ የደራስያን መብት ሕግ የዳንስ ድርሰትን በስሙ ጠርቶ የተቀበለው በ1976 ዓ.ም. ነው።

የ1913 ዓ.ም. ጩኸት

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ከሩሲያ ነው። ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የሩሲያን ዳንሰኞች ሰብስቦ በ1909 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ አመጣ፤ ጓዱም እሱ በ1929 ዓ.ም. በቬኒስ እስኪሞት ድረስ በመላው አውሮፓ እየተዘዋወረ አሳየ። በጓዱ ውስጥ ከሁሉ የታወቀው ዳንሰኛ ቫትስላቭ ኒጂንስኪ ነበር። ሲዘል ከአየር የማይወርድ ይመስላል እየተባለ ይወራለት ነበር።

ይህ ሰው በ1912 ዓ.ም. ራሱ ዳንስ ሲያቀናብር የመረጠው የማላርሜን ግጥም ነበር። ማላርሜ ስለ አንድ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል ፍጡር የከሰዓት በኋላ ሕልም የጻፈውን ግጥም በ1876 ዓ.ም. አሳትሞት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ክሎድ ደቡሲ በእሱ ምክንያት ሙዚቃ ደረሰ። ባለቅኔው ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላም ኒጂንስኪ ለሙዚቃው እርምጃ ሰጠው። በዚህም ግጥሙ ወደ ዜማ፣ ዜማው ወደ አካል ተሸጋገረ። ኒጂንስኪ ዳንሰኞቹን በጥንት የግሪክ ማሰሮዎች ላይ እንደ ተሣሉት ሰዎች በጐን ብቻ እንዲታዩ አደረጋቸው። ዝላይ የለመደው ተመልካች የታወቀውን ዘላይ ከአንዲት ዝላይ በቀር ሲራመድ ብቻ ማየቱ አስገረመው።

በሚከተለው ዓመት ግንቦት 29 ቀን በሻንዜሊዜ ቴአትር «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው ዳንስ ቀረበ። ሙዚቃው የኢጎር ስትራቪንስኪ ነው። ነገሩ በጥንታዊቱ ሩሲያ ጸደይ እንዲመጣላቸው አንዲትን ልጃገረድ መርጠው እስክትሞት ድረስ ስለሚያስጨፍሩ ሰዎች ነው። በባሌት ሥርዓት የእግር ጣት ወደ ውጭ ይዞራል፣ አካል ወደ ላይ ይሳባል፤ ኒጂንስኪ ግን የእግሮቹን ጫፍ ወደ ውስጥ አዞረ፣ ጉልበትን አጠፈ፣ ዳንሰኞቹ መሬቱን እንዲረግጡት እንጂ እንዲሸሹት አላደረገም። ከሕዝቡ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ የጮኹትን ሰደበ። ሙዚቃው ስላልተሰማ ኒጂንስኪ ከመድረኩ ጐን ወንበር ላይ ቆሞ ለዳንሰኞቹ ቍጥር ይጮኽላቸው ነበር። ይህ ዳንስ በፓሪስና በለንደን ተደምሮ አሥር ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ቀረ።

ሥራው ከመድረክ ቢወርድም ከደራስያን ልብ አልወረደም። የ«ጠፍ ምድር» ባለቅኔ ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1921 ዓ.ም. በለንደን የስትራቪንስኪን ሙዚቃ ሰማ፤ ዳንሱ ያን ጊዜ ሌዮኒድ ማሲን እንደ ገና ያቀናበረው ነበር። ኤልየት ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት በላከው ጽሑፍ ሙዚቃው የጥንቱን የሜዳ ምት ከዘመኑ የከተማ መኪናዎች ጩኸት ጋር ማዋሐዱን አደነቀ። በሚከተለው ዓመት በ1922 ዓ.ም. የወጣው ግጥሙም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው፤ የጥንት ሕዝቦችን የሞትና የትንሣኤ ሥርዓት አምጥቶ ከለንደን ጎዳና ጋር አጋጠመው። ግጥሙ ከዳንሱ ብቻ ተወለደ አንልም። ነገር ግን ጥንትንና ዛሬን ጐን ለጐን አቁሞ እርስ በርሳቸው እንዲመታቱ ማድረግ በመድረክ ላይ ቀድሞ መታየቱን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጭልፊቱና ባለቅኔው

ሦስተኛው ታሪክ የአየርላንዱ ባለቅኔ የዊልያም በትለር ዬትስ ነው። ዬትስ በዘመኑ የነበረው ቴአትር ወሬ የበዛበት፣ የሳሎን ዕቃ የሞላበት ሆኖ ስላየው ተሰላችቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ወዳጁ ኤዝራ ፓውንድ አንድ ሀብት ይዞ መጣ። ኧርነስት ፌኖሎሳ የተባለ በጃፓን ያስተማረ አሜሪካዊ ሊቅ ኖህ ስለሚባለው የጃፓን ጥንታዊ ቴአትር ብዙ ማስታወሻ ጽፎ በ1908 ዓ.ም. ሞቶ ነበር፤ ሚስቱም ወረቀቶቹን በ1913 ዓ.ም. ለፓውንድ ሰጠችው። በኖህ ቴአትር ተጫዋቹ ጭንብል ያጠልቃል፤ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ነገሩ ከፍ ወዳለው ስፍራ ሲደርስ ቃል ያቆምና ዳንስ ይተካዋል።

ዬትስ ይህን ካነበበ በኋላ «በጭልፊቱ ጕድጓድ አጠገብ» የሚለውን ቴአትር ጻፈ። አንድ ሽማግሌ ሞትን የሚያስቀር ውኃ ከደረቀው ጕድጓድ ይፈልቃል ብሎ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ አንድ ወጣት ጀግናም ያንኑ ፈልጎ ይመጣል። የጕድጓዱ ጠባቂ ሴት ግን እንደ ጭልፊት እየዞረች ስትጨፍር ሽማግሌው እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ወጣቱም እሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ ውኃው በዚያች ቅጽበት ፈልቆ ይደርቃል። ቴአትሩ ሚያዝያ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በለንደን በአንዲት እመቤት ሳሎን ውስጥ ያለ መድረክና ያለ መጋረጃ ታየ።

የጭልፊቱን ዳንስ የጨፈረው ሚቺዮ ኢቶ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ ነበር። ዬትስና ፓውንድ በእሱ የጥንቷን ጃፓን ያገኙ መሰላቸው። ኢቶ ግን የኖህ ተጫዋች ሆኖ ያደገ ሰው አልነበረም፤ ዳንስ የተማረው በጀርመን አገር በድረስደን አቅራቢያ በሄለራው፣ ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ ባቋቋመው የምት ትምህርት ቤት ነው። የኒጂንስኪ ረዳት የነበረችው ማሪ ራምበርም የዚያው ትምህርት ቤት ፍሬ ናት። ኢቶ ወደ ለንደን መካነ አራዊት ሄዶ ጭልፊቶቹን እያየ ክንፋቸውን እንዴት እንደሚያነሡ አጠና ይባላል። እንግዲህ አንድ የአየርላንድ ባለቅኔ የጃፓንን ጥበብ የተማረው በጀርመን ከሠለጠነ ጃፓናዊና ከአሜሪካዊ ማስታወሻ ነው። ዘመናዊ የሚባለው ሥነ ጽሑፍ የአንድ አገር ልጅ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።

ዬትስ በዚህ አልቆመም። በ1927 ዓ.ም. አየርላንድ ተወልዳ በዲያጊሌቭ ጓድ ውስጥ የሠራችውን ኒኔት ደ ቫልዋን ጋብዞ በደብሊን በአቢ ቴአትር የባሌት ትምህርት ቤት እንድታቋቁም አደረገ። በ1934 ዓ.ም. በታየው «የታላቁ የሰዓት ግንብ ንጉሥ» በተባለው ቴአትር ውስጥ ለእሷ የሰጣት የንግሥቲቱ ክፍል አንዲት ቃል እንኳ የለበትም። የኖቤል ሽልማት የተቀበለ የቃል ሰው ለሥራው ዋና ባለቤት ዝምታን መስጠቱ ስለ ዳንስ ያለውን ክብር ያሳያል። ደ ቫልዋ በ1931 ዓ.ም. በለንደን የመሠረተችው ጓድ በኋላ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ባሌት ሆነ፤ እሷም በ2001 ዓ.ም. በ102 ዓመቷ ዐረፈች።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ከዬትስ ሥራ ሁሉ የሚቀርበን አንድ ግጥም አለ። ዬትስ በ1926 ዓ.ም. የአየርላንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሳለ በዎተርፎርድ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ጐበኘ። የ60 ዓመት ሰው ሆኖ ሕፃናቱ ሲቈጥሩ፣ ሲዘምሩና ሲሰፉ እየተመለከተ በመካከላቸው አለፈ። ከዚያ የተወለደው «በተማሪዎች መካከል» የተባለው ግጥም ስለ እርጅናና ስለ ትምህርት ያስብና በመጨረሻ ወደ አንድ ዛፍና ወደ አንድ ዳንሰኛ ይመለሳል። ዛፉ ቅጠሉ ነው ወይስ ግንዱ ተብሎ እንደማይከፈል፣ ጨፋሪውንም ከጭፈራው ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል በጥያቄ መልክ ያመለክታል። ብዙ ሰዎች ይህን የፈላስፋ ጨዋታ አድርገው ያነቡታል። እኛ ግን ያን የጻፈው ሰው ከአሥር ዓመት በፊት በጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ በክንድ ርቀት፣ አንድ ወጣት ወደ ጭልፊት ሲለወጥ ያየ መሆኑን አንርሳ። አሳቡ የመጣው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በሥጋ ከታየ ነገር ነው።

ዋጋውን የከፈሉት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደራስያኑ ትርፍ ነው። ፍርዳችን ትክክል እንዲሆን የዳንሰኞቹንም መጨረሻ መናገር ይገባናል።

ኒጂንስኪ በ1913 ዓ.ም. በማግባቱ ምክንያት ከጓዱ ተባረረ። በ1919 ዓ.ም. በስዊስ አገር ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ጨፈረ፤ በዚያው ሰሞን ማስታወሻውን ጻፈና አእምሮው ታወከ። ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል በሕመም ኖሮ በ1950 ዓ.ም. በለንደን ሞተ። ሚቺዮ ኢቶ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ብዙ ዓመት ዳንስ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1941 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሀርበርን በመታች ጊዜ በዘሩ ምክንያት ታሰረ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተመለሰ፤ በ1961 ዓ.ም. በቶኪዮ ሞተ። የታላቁ ደራሲ የጄምስ ጆይስ ልጅ ሉቺያ ጆይስ በፓሪስ ዳንስ ተምራ ተስፋ የሚጣልባት ዳንሰኛ ሆና ሳለ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ተወችው። በኋላ አእምሮዋ ታመመ፤ ከ1951 ዓ.ም. እስከ ሞተችበት እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ አገር በሕሙማን ቤት ኖረች። ከእሷ የመጡት ደብዳቤዎችም በወንድሟ ልጅ ስለ ጠፉ፣ የአባቷ እያንዳንዱ ቃል ሲመረመር የእሷ ድምፅ ከታሪክ ጐደለ።

የኔግሮ ሕዝብ ጭፈራም በዚህ ዘመን ሌላ ዐይነት በደል ደርሶበታል። በፓሪስ የነበሩ ብዙ ጠቢባን የአፍሪካን ጥበብ ቢያደንቁም ያደነቁት አእምሮ የሌለበት የአካል ኃይል አድርገው ነው። ለዚህ መልስ ከሰጡት አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቱ ካትሪን ደንሃም ናት። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦችን ባህል አጥንታ በ1935 ዓ.ም. ወደ ካሪብ ደሴቶች ሄደች፤ በጃማይካና በሄይቲ ከሕዝቡ ጋር ኖራ ጭፈራቸውን በእግሯም በብዕሯም ተማረች። በ1946 ዓ.ም. ስለ ጃማይካው ቆይታዋ መጽሐፍ አሳተመች፤ የተማረችውንም በመድረክ አሳየች። ጭፈራ የሕዝብ ትዝታ የሚጠበቅበት ዕውቀት መሆኑን በአንድ አካል አስመሰከረች።

እርምጃን በጽሕፈት ስለ መያዝ

ዳንስ ይጠፋል ያልነው ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አልቀረም። ሩዶልፍ ላባን የተባለው በ1879 ዓ.ም. ዛሬ ብራቲስላቫ በምትባለው ከተማ የተወለደ ሰው በ1928 ዓ.ም. የእንቅስቃሴ ጽሕፈት አወጣ። ጽሕፈቱ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። በመካከል ባለው መሥመር ግራ የተጻፈው የግራ አካል፣ ቀኝ የተጻፈው የቀኝ አካል ሥራ ነው። የምልክቱ ቅርጽ አቅጣጫን፣ ጥላው ከፍታና ዝቅታን፣ ርዝመቱ ጊዜን ያመለክታል። በ1952 ዓ.ም. ሃንያ ሆልም የተባለች የዳንስ አቀናባሪ ሥራዋን በዚህ ጽሕፈት አጽፋ በአሜሪካ የደራስያን መብት መዝገብ አስገባች። ሎዪ ፉለር ከ60 ዓመት በፊት የተከለከለችው በር በጽሕፈት ኃይል ተከፈተ ማለት ነው።

ላባን ግን ማስጠንቀቂያም ትቶልናል። በናዚ ዘመን ለጥቂት ዓመታት ለመንግሥቱ ሠርቷል፤ ለ1936 ዓ.ም. የበርሊን ኦሊምፒክ ከብዙ ከተሞች የተሰበሰቡ ዳንሰኞች የሚያሳዩት ታላቅ ጭፈራ አዘጋጀ። ጎብልስ ልምምዱን አይቶ ስላልወደደው ከለከለው፤ ላባንም በ1938 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተሰዶ ደረሰ። በአንድነት መንቀሳቀስ ለደስታም ለግዞትም ሊውል ስለሚችል፣ ለማን እንደምንጨፍር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሊቃውንትም ቀስ በቀስ ወደዚህ ነገር መጡ። እንግሊዛዊው ሐያሲ ፍራንክ ከርሞድ በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ዳንሰኛዋ በአዲሶቹ ባለቅኔዎች ዘንድ ምን ያህል ታላቅ ምሳሌ እንደ ነበረች አሳየ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በኦክስፎርድ ያስተማሩት ሱዛን ጆንስ ስለ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍና ስለ ዳንስ ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። እኚህ ምሁር ወደ ጥናት ከመግባታቸው በፊት በስኮትላንድ ባሌት ጓድ ውስጥ ብቸኛ ተጫዋች ነበሩ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያውቁታል። ሚሊሰንት ሆድሰንና ኬነዝ አርቸር የተባሉት ባልና ሚስት በበኩላቸው የራምበርን የሙዚቃ ማስታወሻ፣ በ1913 ዓ.ም. የተሣሉትን ሥዕሎችና የተመልካቾችን ምስክርነት አንድ በአንድ ሰብስበው የኒጂንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ በጆፍሪ ባሌት እንደ ገና አስጨፈሩት። ሰባ ዓመት የተኛ እርምጃ ተነሣ። ነገር ግን ሊነሣ የቻለው በዚያን ጊዜ አንዲት ረዳት በኖታው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ስለ ጻፈች፣ አንዲት ሠዓሊም በጨለማ ውስጥ ስለ ሣለች ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመጣናል። ማላርሜ፣ ኤልየትና ዬትስ ታላላቅ ባለቅኔዎች ናቸው፤ የጻፉት ከራሳቸው ብርታት ነው። ቢሆንም ባዶውን ገጽ እንዲያከብሩ፣ ጥንትን ከዛሬ እንዲያጋጥሙ፣ ዝምታን እንዲያምኑ ካስተማሯቸው አንዱ የዳንሰኞች አካል ነበር። ባለቅኔው ስሙን በመጽሐፉ ጀርባ ላይ አገኘ፤ ዳንሰኛው ግን ብዙ ጊዜ በባለቅኔው ግጥም ውስጥ ስም የሌለው ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ታሪክ የሚጻፈው ከወረቀት ብቻ ከሆነ ፍርዱ ሁልጊዜ ወረቀት ወዳላቸው ያደላል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው። ግጥም ስታነቡ በዓይናችሁ ብቻ አታንብቡ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ምቱንም በእግራችሁ ፈልጉት። መምህሮቻችንንና ወላጆቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። በየክፍሉ ብዕር የሚከብደው፣ ነገር ግን ያየውን እንቅስቃሴ ሁሉ ወዲያው የሚይዝ ልጅ አለ፤ ያን ልጅ ሰነፍ ብላችሁ አትጥሩት፤ ዕውቀቱ በሌላ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይሆናል።

በዚህ መጽሔት ውስጥ ጽሑፍ ያወጣን ተማሪዎች ስማችን ከጽሑፋችን በታች ታትሟል። በበዓሉ ዕለት በሜዳው ላይ የሚጨፍሩት ልጆችና ጭፈራውን ያስተማሯቸው ሰዎች ስማቸው በምን ይቈያል? ስማቸውን፣ የጨፈሩትን ጭፈራና ከማን እንደ ተማሩት የሚመዘግብ አንድ ደብተር በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አሳባችንን እናቀርባለን። የዛሬ ኀምሳ ዓመት ይህን ትምህርት ቤት ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ያን ደብተር ሲያገኝ ያመሰግነናል።